የክራንቤሪና የቲን ሶስ ደሴ ላይ፦ ክራንቤሪው ትንሽ፣ እንግዳው ብዙ

የሆጤዋ
ሰላም የደሴም የኮምቦልቻም ሰዎች። የምግብ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

እህቴ ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ልጆቿን ይዛ ደሴ ትመጣለች። ልጆቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። ኅዳር ሲጋመስ የምስጋና ቀን የሚሉት በዓል አላቸው፣ ሁልጊዜ ሐሙስ ነው የሚውለው፣ ተርኪ የሚባል ትልቅ ዶሮ ተጠብሶ ከጎኑ ቀይ የክራንቤሪ ሶስ ይቀርባል። እህቴ ሶሱ ውስጥ ደረቅ በለስ ትጨምራለች። ልጆቹ እሱን ሳያዩ ዶሮውን አይነኩም ትላለች። ዘንድሮ ያ ሐሙስ የሚውለው እኛ ቤት ስለሆነ የለመዱትን ነገር በትክክል ልሠራላቸው እፈልጋለሁ። ተርኪው ይቅር፣ የሐበሻ ዶሮ አሮስቶ አደርጋለሁ፣ በግም ይታረዳል። ያስጨነቀኝ ሶሱ ነው።

ያለኝ ይሄ ነው። እህቴ በሰው የላከችው ደረቅ ክራንቤሪ፣ 300 ግራም ገደማ። ቲን ግን በሽ ነው፣ አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ ይዛ መጥታለች። በለስ ስል ቲኗን ነው፣ የቁልቋሏን አይደለም። እንግዳው ከ20 ሰው አያንስም። የእህቴ አሠራር ትኩስ ክራንቤሪ 340 ግራም፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ቲን፣ ብርቱካን፣ ቀረፋ፣ መጨረሻ ላይ ፖርት የሚባል ጣፋጭ ወይን ጠጅ ይላል። ቤታችን ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ ስለዚህ ወይኑ አይገባም። ሌላ ቦታ ያየሁት አሠራር ደግሞ 105 ዲግሪ እስኪደርስ አብስሉት ይላል።

ይቺን ክራንቤሪ እንዴት ላብዛት? ስኳሩን ልቀንስ ወይስ እንዳለ ላድርገው? አስቀድሜ ብሠራውስ ስንት ቀን ይቆያል? መብራቱ እንደምታውቁት ነው።

ጦሳ ስር
አብሽሪ እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ። ኮሽም አለልሽ አይደል። ከኮሽም በላይ የሚኮመጥጥ ፍሬ የለም። ስኳር ጣል አድርገሽበት ብትቀቅይው ማርማላታ ይሆናል። ክራንቤሪ ክራንቤሪ የምንለው ስላልቀመስነው ነው።

የሆጤዋ
ወንድሜ ኮሽም እወዳለሁ፣ ግን ቀለሙ ቢጫ ነው የሚሆነው። ልጆቹ ቀዩን ነው የሚጠብቁት። በዚያ ላይ ኅዳር ላይ ገበያ ወጥቼ የምፈልገውን ያህል ማግኘቴን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሜሪላንድ ያለሁ
የሆጤዋ፣ የሰፈሬ ልጅ! እኔም እዚያው ሆጤ ነው ያደግሁት። እዚህ ሶሱን በየዓመቱ ስለምሠራው ስለ ፍሬው የማውቀውን ልንገርሽ፣ ሥራሽን ያቀልልሻል።

ክራንቤሪ ረግረግ መሬት ላይ የሚሳብ አጭር ተክል ነው። ቅዝቃዜ ይወዳል። ፍሬው ሲደርስ ማሳውን በውሃ ያጥለቀልቁታል፣ ውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፣ ከላይ ከላይ ይሰበስቡታል። ከአሜሪካ ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከዊስኮንሲን ነው፣ የእህትሽ ግዛት ጎረቤት። ትኩሱ ድስት ውስጥ ሲገባ ጧ ጧ እያለ ይፈነዳል፣ ለዚህ ነው ክዳን የሚያስፈልገው። ዋናው ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ በጣም ኮምጣጣ ነው። ሁለተኛ ፔክቲን የሚባለው፣ ማርማላታን የሚያረጋው ነገር፣ በራሱ በብዛት አለው። ስኳርና ውሃ ብቻ ጨምረሽበት ሲቀዘቅዝ ራሱ ይረጋል።

አሁን ወደ ደረቁ እንምጣ። ደረቁ ክራንቤሪ ሲዘጋጅ ስኳር ጠጥቶ ነው የሚደርቀው። ከ100 ግራሙ ውስጥ 70 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ኮምጣጣነቱ ተሸፍኗል ማለት ነው። የእህትሽን አሠራር እንዳለ ወስደሽ በደረቁ ብትሠሪው፣ በዚያ ላይ ቲኑ አለ፣ ቲን ራሱ ግማሹ ስኳር ነው፣ ምላስ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር ታገኛለሽ። ሶስ አይሆንም። ስለዚህ አንቺ የሚጎድልሽ ክራንቤሪ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኮምጣጣ ጣዕም ነው የጎደለሽ። እሱን ከየትም አምጪው፣ ቀሪው ይስተካከላል።

ቅመም ተራ
እኔ ደሴ ቅመም እሸጣለሁ። እኅቴ፣ ከርከዴ! ደረቁን ከርከዴ ውሰጂ። ቀይ ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አለ። በሻይ ብቻ የሚሆን ይመስላቸዋል ሰዎች። እኔ ቤት በረመዳን ቀቅለን ቀዝቅዞ ይጠጣል፣ ስኳሩ ካነሰ ጥርስ ያጠርሳል። ስትገዢ ጥቁር ቡናማ የሆነውን ተይው፣ የቆየ ነው። ደማቅ ጥቁር ቀይ የሆነውን፣ ቅጠሉ ያልደቀቀውን ምረጪ። አሸዋ አይታጣውም፣ ሳትቀቅይው ቶሎ ለቅለቅ አድርጊው፣ ውሃ ውስጥ ግን አታቆይው ቀለሙ ይሄዳል።

ሜሪላንድ ያለሁ
ቅመም ተራ፣ እጅህ ይባረክ። ይሄ ከባዶ የመጣ ሐሳብ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ፍሎሪዳ ሞቃት ነው፣ ክራንቤሪ አይበቅልም። ድሮ ሰዎች ከርከዴ ተክለው የዚያኑ ቀይ ሶስ ይሠሩበት ስለነበር ተክሉን የፍሎሪዳ ክራንቤሪ ይሉት ነበር። ጣዕሙም ይቀራረባል። የሆጤዋ፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ክራንቤሪሽ ፍሬው እንዲታይና ጥርስ ላይ እንዲገኝ፣ ከርከዴው ለቀለምና ለኮምጣጣነቱ፣ ቲኑ ለአካሉ።

ጦሳ ስር
ከርከዴው ይግባ እንጂ ያኔ የክራንቤሪ ሶስ ነው ልትሉት ነው? የከርከዴ ሶስ ነው በሉት። ከኮሽም ምን ለየው?

ሜሪላንድ ያለሁ
ወንድሜ ክራንቤሪው እኮ ውስጡ አለ። ኮሽምም ቢሆን መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፣ ለራስህ ሥራው፣ ጎበዝ። ይቺ እህታችን ግን ልጆቹ ያዩት የሚያውቁት ነገር እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ቀይ መሆን አለበት።

እማማ ሸዋ በር
ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ አላችሁኝ። የኔ ልጅ የሆጤዋ፣ ዘመዶችሽን በሰላም ያምጣልሽ። እኔ የምልሽ አጋምን አትርሺ ነው። ወቅቱ ከሆነና ልጆች ከገጠር ይዘው ከመጡ፣ በደንብ የጠቆረውን፣ የበሰለውን ብቻ ለይተሽ ጣል አድርጊበት። ቀለሙ ወይን ጠጅ ይመስላል። ያልበሰለው ወተት አለው፣ ያጣብቃል፣ አይሆንም። ካልተገኘ ግን ስለሱ አትጨነቂ፣ ከርከዴው ይበቃሻል።

ሌላው ድስቱን አስቢበት። ኮምጣጣ ነገር በአሉሚኒየም ድስት አይቀቀልም። ቀለሙ ይጠፋል፣ ብረት ብረት ይላል። ስታንሌስ ወይ የሸክላ ድስት ይሁን፣ ሸክላው ግን ወጥ ያልተሠራበት፣ አለዚያ ሶስሽ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ማማሰያውም እንደዚሁ፣ የወጡን ማማሰያ እንዳታስገቢበት።

የሆጤዋ
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የድስቱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ስታንሌስ አለኝ፣ በሱ አደርገዋለሁ።

የዲግሪውን ነገርስ የሚያውቅ አለ? ቴርሞሜትር አክስቴ ጋ አለ።

ቦርከና ዳር
ኮምቦልቻ ነኝ፣ የምግብ ማቀነባበር ተምሬያለሁ። 105 የሚለውን እርሺው፣ ለኛ አገር አልተጻፈም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ለማርማላታም ለሌላውም ይጠቅማችኋል።

ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፣ 1,850 ሜትር ገደማ፣ እኛ ጋ 94 ገደማ ነው። ማርማላታ ረጋ የሚባለው ስኳሩ በበቂ ሁኔታ ሲወፍር ነው፣ ያ የሚሆነው ደግሞ ከውሃው መፍያ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ባሕር ጠለል ላይ 104 ወይ 105 ይመጣል። ደሴ ላይ ግን 96 ወይ 97 ላይ ደርሷል ማለት ነው። ደሴ ላይ ሆነሽ 105 እስኪል ከጠበቅሽ ውሃው አልቆ ከረሜላ መሥራት ጀመርሽ። ሥሩም ያርራል።

ቴርሞሜትሩን ከተጠቀምሽ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ አፍልተሽ ለኪ። የሚያሳይሽን ቁጥር ያዢና 4 ጨምሪበት። መሣሪያው ራሱ ትክክል ባይሆን እንኳ ልዩነቱ ይይዝልሻል።

ግን እውነቱን ለመናገር ለሶስ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ሶስ እንደ ማርማላታ እንዲረጋ አንፈልግም፣ በማንኪያ ሲነሳ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ነው። ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። የበሰለ ሲመስልሽ አንድ ጠብታ ሳህኑ ላይ አድርጊና ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ በጣትሽ መሐሉን ግፊው። መንገዱ ክፍት ሆኖ ከቆየ ጨርሰሻል። ቶሎ ከተገናኘ ትንሽ ይቀረዋል። ስትሞክሪ ግን ድስቱን ከእሳት አውርጂው፣ አለዚያ እስክትሞክሪ ያልፍብሻል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሶስ ሲቀዘቅዝ በጣም ይወፍራል። እሳት ላይ እያለ ልክ የሆነ የመሰለሽ ነገ ጠዋት ይደርቅብሻል። ትንሽ ቀጠን እያለ አውርጂው።

የገራዶዋ
ቦርከና ዳር አመሰግናለሁ! ማርማላታ ስሠራ ሰዓቱን ነበር የማየው እንጂ የደሴ ከፍታ ያመጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባቄላና ሽምብራ የሚዘገየውም ለዚህ ነው?

ቦርከና ዳር
አዎ፣ ያው ነው። በ92 ዲግሪ ነው የሚቀቀለው፣ ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ግፊት ድስት ነው መፍትሔው። ለሶሱ ግን ግፊት ድስት አትጠቀሙ፣ ውሃው መትነን አለበት።

አብሳዩ ከኮምቦልቻ
ሆቴል ቤት ነው የምሠራው፣ የፈረንጅ ምግብም አበስላለሁ። ሁላችሁም ጥሩ ጥሩ ነገር ብላችኋል፣ እኔ አንድ ላይ ላድርግልሽ። ለ20 ሰው ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ብታስቢ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ሶስ ይበቃል።

ከርከዴ 50 ግራም ያዢ። ሊትር ከሩብ ውሃ አፍልተሽ አውርጂ፣ ለቅለቅ ያልሽውን ከርከዴ ጨምሪበትና ከድነሽ 20 ደቂቃ ተዪው። እሳት ላይ እያንተከተክሽ አታቆይው፣ መረር ይላል። በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልይው፣ በወንፊት ብቻ ካጠለልሽው አሸዋው ያልፋል። ጨምቀሽ አውጪው፣ የሚያወፍረው ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። አንድ ሊትር ገደማ ይቀርሻል። ገና ትኩስ እያለ 300 ግራሟን ክራንቤሪ ጨምሪበትና ግማሽ ሰዓት ይረስርስ። ደረቅ ፍሬ ሳይርስ ስኳር ውስጥ ከገባ ቆዳው ጎማ ይሆናል፣ ይቺን ደረጃ አትዝለዪ።

ቲኑን 400 ግራም አድርጊው። ጭራውን ቁረጪ፣ ጠንካራ ነው። ግማሹን በቢላ የሽምብራ ፍሬ ያህል አድርገሽ ክተፊው። ግማሹን ከከርከዴው ትንሽ ጨልፈሽበት አርሰሽ ፍጪው፣ ወፍጮ ከሌለ በሹካ ደፍጥጪው። ይሄ የተፈጨው ነው ሶሱን የሚያወፍረው። በቆሎ ዱቄት ምናምን አያስፈልግም፣ የሚያጨልም መልክ ይሰጠዋል፣ ጣዕሙንም ያደነዝዘዋል። አንድ ኮምጣጣ ፖም ከነልጣጩ ፈቅፍቀሽ ብትጨምሪ ደግሞ ፔክቲን ይሰጥሻል።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጊ። የሦስት ብርቱካን ጭማቂ፣ የአንዱ ልጣጭ ነጩ ሳይነካ በቀጭኑ ተልጦ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሦስት ቅርንፉድ፣ ትንሽ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል። ሁለት ኮረሪማ ከፈት ከፈት አድርገሽ ከቅርንፉዱ ጋር በጨርቅ ቋጥሪያቸው፣ መጨረሻ ላይ ለማውጣት ይመችሻል። ኮረሪማውን ፈረንጆቹ የላቸውም፣ እኔ ግን ከቲን ጋር ሲሆን ከቀረፋም እመርጠዋለሁ። እሳቱ ዝቅ ይበል። ከሰል ከሆነ ከሰሉን ቀንሺው፣ ከድስቱ ሥር መሐል ላይ ተሰብስቦ ካለ እዚያው ቦታ ያርራል። ክዳን አትክደኚ፣ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ያለ ይፈጅብሻል፣ መጨረሻ አካባቢ ማማሰያውን ከእጅሽ አትለዪው።

ስኳርን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ምንም አትጨምሪ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ቅመሺው። ከርከዴው ከከርከዴ ይለያል፣ ቲኑም ከቲን፣ ስለዚህ ቁጥር ብሰጥሽ አይጠቅምሽም፣ ከ100 እስከ 150 ግራም መካከል ትወድቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ከወረደ በኋላ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው። ጨው ስታስገቢ ፍሬው ሁሉ ይነሳል።

ለበጉ የሚቀርበውን ለብቻ ጨልፈሽ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ለአምስት ደቂቃ አብራው ትፍላና አውጫት። ከስብ በግ ጋር እሱን የሚያህል የለም። ለልጆቹ ግን ያለ ጥብስ ቅጠል ይሁን።

የሆጤዋ
አብሳዩ፣ እጅህን ይባርከው። እንዲህ ነው እንጂ ማስረዳት። በወይኑ ፋንታ ምን ልጨምር? ወይስ ይቅር?

አብሳዩ ከኮምቦልቻ
ይቅር። ወይኑ የሚሰጠው ጣፋጭነትና ትንሽ የመጎምዘዝ ስሜት ነው፣ ከርከዴው ያንን ይሰጥሻል። ሮማን ካገኘሽ የአንድ ሮማን ጭማቂ ጨምሪ። አልኮሉ ሲቀቀል ይጠፋል የሚሉሽን አትስሚ፣ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ መጨረሻ ላይ ከተጨመረ ደግሞ ጭራሽ። ቤተሰብሽ የማይጠጣ ካለ መጀመሪያውኑ አለማስገባት ነው ትክክሉ።

ቅመም ተራ
አልሐምዱሊላህ፣ ይሄን ስላልክ ደስ ብሎኛል። ሰው ቤት ተጋብዤ ምግቡ ውስጥ ምን እንደገባ መጠየቅ ይከብደኛል፣ ባለቤቷ አስቀድማ ስታስብልህ ትበላለህ በሰላም።

የሐይቅ ልጅ
አንድ ነገር ላስታውስ። የገና ጾም ኅዳር 15 ነው የሚገባው። የእነሱ ሐሙስ ኅዳር አጋማሽ ላይ ስለሚውል ጾሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ቀኑን አረጋግጪ። የእናትሽ ወገን የሚጾሙ ከሆነ ዶሮውንም በጉንም አይበሉም። ሶሱ ግን ራሱ የጾም ነው፣ ቅቤም የለው እንቁላልም የለው። ለጾመኞቹ ድፎ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች፣ በምድጃ የበሰለ ዱባ አቅርቢላቸው። ዱባ ከዚህ ሶስ ጋር ይስማማል፣ አይተሽ ፍረጂ።

የሆጤዋ
ወይ ጉድ፣ ቀኑን አሁን ቆጠርኩት፣ ጾም ውስጥ ነው! እናቴ ትጾማለች። ዱባውን አሁኑኑ ዝርዝር ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ተባረክልኝ።

የገራዶዋ
እኔ ሶሱን በብዛት ሠርቼ በማር ጠርሙስ ሞልቼ መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው ብዬ ነበር፣ ትኩሱን ሞልቶ ገልብጦ ማቆም ይበቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሆናል?

ቦርከና ዳር
እህቴ፣ እባክሽ ይሄን አታድርጊ፣ በዚህ ላይ አልደራደርም። ምክንያቱ ቲኑ ነው። ክራንቤሪ ብቻውን በጣም ኮምጣጣ ስለሆነ ራሱን ይጠብቃል፣ ፒኤች የሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያው 2.5 አካባቢ ነው። ቲን ግን ከ5 በላይ ይሄዳል። ከ4.6 በላይ የሆነ ምግብ አየር በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን መርዝ የሚሠራው ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ለዚህ ነው በቲን የሚሠራ ማርማላታ ሁሉ ሎሚ የሚጨመርበት። እኛ እዚህ የሠራነው ቅልቅል ደግሞ ማንም ለክቶ ያረጋገጠው አይደለም፤ በምላስ ኮምጣጣ ነው ማለት በቂ ነው ማለት አይደለም፣ ስኳር ይሸፍነዋል።

ጠርሙስ ገልብጦ ማቆም አያድንም። የተረጋገጠ አሠራር እንኳ ይዘሽ ብታሽጊ የታሸገውን ጠርሙስ በፈላ ውሃ ውስጥ መቀቀል አለብሽ፣ ባሕር ጠለል አካባቢ 5 ደቂቃ የሚባለው ማርማላታ ከ1,830 ሜትር በላይ 15 ደቂቃ ይሆናል። ደሴም ኮምቦልቻም እዚህ ውስጥ ናቸው። እንደገና ያው የከፍታው ጉዳይ ነው፣ ውሃችን ያን ያህል አይሞቅም።

ስለዚህ ይሄ ሶስ የፍሪጅ ነው። በንጹህ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ምንም አይለውም። ፍሪዘር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ብቻ ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲቀዘቅዝ ያብጣል። የሆጤዋ፣ መብራቱን ካልተማመንሽ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ሥሪው። ቀድሞ ማደሩ ለጣዕሙም ጥሩ ነው፣ ቅመሙ ገብቶ ያድራል።

የገራዶዋ
እሺ ገባኝ። ተውኩት። በፍሪዘር አደርገዋለሁ።

ጦሳ ስር
በስኳር ፋንታ ማር ይሆናል? የኛን አገር ማር ትተን ስኳር መግዛት ምን ይሉታል።

አብሳዩ ከኮምቦልቻ
ይሆናል፣ ጥሩም ነው። ግን መጀመሪያ አትጨምረው፣ ሽታው ይሄዳል። ከወረደ በኋላ ለብ ሲል ጨምረህ አማስለው። ከስኳር ስለሚጣፍጥ ቀንስ። ሶሱ ትንሽ ቀጠን ይላል።

እማማ ሸዋ በር
ማር ከገባበት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጪ የኔ ልጅ። ሐኪሞቹ እንዲህ ይላሉ፣ እኛም ሰምተናል።

ቦርከና ዳር
እማማ ትክክል ነዎት። ቢቀቀልም ለውጥ የለውም፣ ዓመት ላልሞላው ማር የነካው ነገር አይሰጥም።

ኩታበር መንገድ
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ጋ ስኳር ያለባቸው ታላቅ እህት አሉኝ፣ ስኳር ካልጨመርኩበት ለሳቸው ይሆናል?

ሜሪላንድ ያለሁ
ወንድምዬ ተጠንቀቅ። ስኳር ባትጨምርም ደረቁ ክራንቤሪና ቲኑ ራሳቸው ስኳር ናቸው፣ ከላይ እንዳልኩት። የስኳር ሶስ አይደለም ብለህ ሳህን ሙሉ እንዳትሰጣቸው። አንድ የሻይ ማንኪያ ለጣዕም ያህል፣ እሱንም ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የሚወስድ ሰው ካለም ክራንቤሪ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሆጤዋ
ሰላም ደግማችሁ። ለሙከራ ከሩብ በታች አድርጌ ሠራሁት። ከርከዴውን ከቅመም ተራ ገዛሁ፣ ደማቁን መረጥኩ። ቀለሙ! እናቴ ድስቱን ከፍታ አይታ ይሄ ምን ተጨምሮበት ነው አለችኝ። እውነተኛ ጥቁር ቀይ ነው፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ያበራል። ቴርሞሜትሩን አስገብቼ ንጹህ ውሃ ለካሁ፣ ልክ ቦርከና ዳር እንዳለው 92 አለኝ። ሶሱ 95 ላይ ሲደርስ የሳህኑን ሙከራ አደረግሁ፣ በቅቶታል። ከዚያ በላይ አላቆየሁትም።

ጣዕሙን ለእህቴ በቪዲዮ አሳየኋት፣ መቅመስ ባትችልም። ክራንቤሪው ርሶ ተነፍቷል፣ የቲኑ ፍሬ ጥርስ ላይ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ መጀመሪያ ኮምጣጣው ይመጣና ኋላ ኮረሪማው። ኮረሪማው ሥራውን ሠርቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እናቴ ትንሽ ሚጥሚጣ ጣል አድርጊበት ትላለች። ይሆናል ወይ?

አብሳዩ ከኮምቦልቻ
እናትሽ ትክክል ናቸው፣ ግን ለልጆቹ ያለሱ ይቅረብ። ለአዋቂዎቹ በጣት ቁንጥር ብቻ፣ ከበጉ ጋር ላለው። ከዶሮ ወጥ አጠገብ ግን ይሄን ሶስ አታስቀምጪው፣ በርበሬውና ቅቤው ይውጠዋል። የሚያምርበት ቅመም ያልበዛበት ጥብስ፣ አሮስቶ፣ ዱባ፣ ዳቦ ነው። ሲቀርብ ትኩስ አይሁን፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ሐርቡ ያለሁ
ሙሉውን አነበብኩት፣ እኔ ጋ ግን ሶሱ ማግስቱን በጣም ወፍሮ ዕቃው ላይ ተጣበቀ። ይጣላል?

ቦርከና ዳር
አይጣልም! ብርቱካን ጭማቂ ወይ ከርከዴ ውሃ ትንሽ በትንሽ እየጨመርክ ዝቅተኛ እሳት ላይ አማስለው፣ ይፈታል። ሐርቡ ከኛም ዝቅ ትላለች፣ ውሃችሁ ከኛ ይበልጥ ይሞቃል፣ ስለዚህ የደሴውን 95 አትያዝ። የራስህን ውሃ ለክተህ 3 ወይ 4 ጨምር። ቀጥኖ ከቀረ ደግሞ መልሰህ አፍላው፣ ክዳን ሳታደርግ፣ ሌላ ምንም አትጨምር።

ሜሪላንድ ያለሁ
የሆጤዋ፣ የተረፈውን ማግስቱን ምን እንደምታደርጊው ልንገርሽ። እዚህ ልጆች ከበዓሉ በላይ የሚወዱት የሐሙሱን ሳይሆን የዓርቡን ምግብ ነው። የቀረው ዶሮ በቀዝቃዛው ይዘረዘራል፣ ዳቦ መሐል ይገባል፣ ሶሱ ይቀባበታል፣ ያ ነው ቁርሳቸው። አንቺ በድፎ ዳቦ አድርጊላቸው። ስለዚህ ኪሎ ተኩሉን ወደ ሁለት ኪሎ አሳድጊው፣ ዓርብ ዕለት ሶስ የት አለ ብለው ይጠይቁሻል።

የሆጤዋ
እሺ፣ ሁለት ኪሎ። ቅመም ተራ፣ 50 ግራም ሌላ ከርከዴ አስቀምጥልኝ፣ ከደማቁ።

ቅመም ተራ
ተቀምጧል እህቴ። ኮረሪማም ጨምሬልሻለሁ።